የቾይ ዶንግ ዎን ክንድ

በየቤታችን ልጅ የምናሳድግ ሰዎች፣ ልጃችን ከኳስ ሜዳ አምሽቶ ሲመጣ ቍጣችንን አዘጋጅተን እንጠብቀዋለን፤ ጨዋታን ከሥራ ቈጥረነው አናውቅምና። በዚህ ሳምንት ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ግን ጨዋታ እንጀራው ስለ ሆነለት፣ ኋላም ስለ ባልንጀሮቹ እንጀራ በመናገሩ ስለ ተንገላታ ስለ አንድ የኮርያ ሰው ነው። ስሙ ቾይ ዶንግ ዎን ይባላል። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

የተወለደው በ1958 ዓመት በፑሳን ከተማ ነው። ፑሳን ለኛም እንግዳ ስም አይደለም፤ የቃኘው ሻለቃ ጦር በ1951 ከመርከብ የወረደው በዚያ ወደብ ነበረና። የቾይም አባት በዚያው ጦርነት አንድ እግሩን ያጣ ሰው ነበረ። ይህ አባት የልጁን ክንድ እንደ ዓይኑ ብሌን ጠበቀ፤ ልጁም አድጎ ስሙ በተጠራ ጊዜ ስለ ደመወዙ ከቡድኑ ሹማምንት ፊት ተቀምጦ የሚከራከርለት እርሱ ነበረ።

ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ ላላየ ሰው ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ዱላ ስላለበት የገናን ጨዋታ ያስታውሰናል፤ አካሄዱ ግን ሌላ ነው። ከሁለቱም ወገን ዘጠኝ ዘጠኝ ሰው ይሰለፋል። አንደኛው ወገን በሜዳው ተበትኖ ሲቆም፣ ከመካከላቸው አንዱ ከፍ ካለች የአፈር ጉብታ ላይ ሆኖ ትንሽና ጠንካራ ኳስ ይወረውራል፤ ከ18 ሜትር በሚበልጥ ርቀት ዱላ ይዞ የቆመው ባላጋራ ያንን ኳስ መምታት አለበት። ሦስት ጊዜ የሳተ እንደ ሆነ ይወጣል። እንዲህ እያሉ ዘጠኝ ዙር ይጫወታሉ። ወርዋሪው በአንድ ቀን ከመቶ ጊዜ በላይ በሙሉ ኀይሉ ስለሚወረውር ትከሻውና ክርኑ እጅግ ይደክማል፤ ስለዚህ ጨዋታውን የሚጀምር ዋና ወርዋሪ አንድ ቀን ከሠራ በኋላ አራት ወይም አምስት ቀን ማረፍ የተለመደ ነው። ይህን የዕረፍት ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

ቾይ መነጽር የሚያደርግ ሰው ነበረ። ከመወርወሩ በፊት የእግር ሹራቡን ወደ ላይ ሳብ፣ መነጽሩን ነካ፣ ቆቡን ነካ ያደርግ ነበር፤ የፑሳን ልጆችም ሁሉ ይህንኑ ይቀዱ ነበር ቢባል ማን ይጠራጠራል! በዮንሴ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። በ1981 በካናዳ በተደረገ ውድድር ችሎታውን ያዩት የቶሮንቶ ቡድን ሰዎች ሊወስዱት ተዋውለው ነበር፤ ነገር ግን የውትድርና ግዴታና ሌላም ጉዳይ ተደራርቦበት ሳይሄድ ቀረ። በኮርያ የደመወዝተኞች ቤዝቦል በ1982 ተጀመረ፤ እርሱም በሚከተለው ዓመት ሎቴ ጃይንትስ ወደሚባለው ወደ አገሩ ቡድን ገባ።

የ1984 ዓመት ሥራው ይህን ይመስላል። በ100 ጨዋታ ዘመን 27 ጊዜ አሸነፈ፤ ከ284 ዙር በላይ ወረወረ፤ 223 ሰው በሦስት ምት አስወጣ። ይህ የመጨረሻው ቍጥር እስከ 2021 ድረስ፣ 37 ዓመት ሙሉ፣ የሚበልጠው ሳይገኝ ቆየ።

በዚያው መከር ሎቴ ለዘውዱ ከሳምሱንግ ላየንስ ጋራ ተጋጠመ። ከሰባት ጨዋታ አራቱን የቀደመ ያሸንፋል። ሳምሱንግ በዚያን ጊዜ ብርቱው ቡድን ነበረ፤ እንዲያውም ደካማ ባላጋራ ለመምረጥ ብሎ በዘመኑ መጨረሻ ለሎቴ ሆን ብሎ ተሸንፎለታል ተብሎ እስከ ዛሬ ይወቀሳል። የሎቴ አሠልጣኝ ካንግ ብዮንግ ቾል ቾይን ጠርቶ፣ አንደኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አምስተኛውንና ሰባተኛውን ጨዋታ አንተ ትወረውራለህ አለው። ቾይም ይህ ለአንድ ሰው እንደማይቻል ተናገረ። አሠልጣኙ ግን እዚህ ከደረስን በኋላ ምን ሌላ መንገድ አለን ቢለው፣ እንግዲያውስ እንሞክረው ብሎ ተቀበለ።

መስከረም 30 ቀን አንድም ነጥብ ሳያስገባ 4 ለ 0 አሸነፈ። በሁለተኛው ጨዋታ እርሱ ስላልነበረ ሎቴ ተሸነፈ። ጥቅምት 3 ቀን ዳግመኛ ወጥቶ ዘጠኙንም ዙር ወርውሮ 3 ለ 2 ረታ። አራተኛውን ዐረፈ፤ ሎቴም ተሸነፈ። አምስተኛውን፣ ጥቅምት 6 ቀን፣ እስከ መጨረሻው ወርውሮ 3 ለ 2 ተሸነፈ። አሁን ሎቴ አንድ ጊዜ ከተሸነፈ ነገሩ ያበቃል። በማግስቱ የስድስተኛው ጨዋታ ቀን ማረፍ ሲገባው በመካከል ገብቶ አምስት ዙር ወረወረ፤ አሸነፉ። ሰባተኛው በበነጋታው ሊሆን ነበር፤ ዝናም ስለ ዘነመ በአንድ ቀን ተላለፈ። ያ ዝናም ባይዘንም ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ማን ያውቃል! ጥቅምት 9 ቀን በሴኡል ከተማ ቾይ ለአምስተኛ ጊዜ ከጉብታው ላይ ወጣ። ሎቴ 4 ለ 3 እየተመራ ሳለ በስምንተኛው ዙር ዮ ዱ ዮል የሚባለው ባልንጀራው ኳሱን ከአጥር አሻግሮ መታና ሦስት ነጥብ አስገኘ። ቾይም የቀረውን ፈጽሞ 6 ለ 4 ዘውዱን ለፑሳን አመጣ። በዐሥር ቀን ውስጥ አርባ ዙር ወርውሮ፣ ከአራቱ ድል አራቱም የእርሱ ነበረ።

ይህ ነገር ሲነገር ሰው ሁሉ ጀግንነቱን ያደንቃል፤ እኛም እናደንቃለን። ነገር ግን የአንድን ሰው ክንድ እንዲህ አድርጎ መጠቀም ተገቢ ነበረን? ወላጅ የሆነ ሰው ይህን ሳይጠይቅ አያልፍም። ግንቦት 16 ቀን 1987 ደግሞ የሀይታይ ታይገርስ ወርዋሪ ከሆነው ከሰን ዶንግ ዮል ጋራ ዐሥራ አምስት ዙር ተፋጠው፣ ቾይ 209፣ ሰን 232 ጊዜ ወርውረው 2 ለ 2 ተለያዩ። በቀደመው ዓመት ሁለት ጊዜ ተገናኝተው አንዱን ሰን፣ አንዱን ቾይ አሸንፈው ነበርና፣ ሦስተኛው በዕርቅ የተፈጸመ ይመስላል።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1988 አንድ የሀይታይ ወርዋሪ በመኪና አደጋ ሞተ። ቾይ ለሟቹ ቤተ ሰብ ተገቢው ርዳታ አለመኖሩን አይቶ እጅግ ዐዘነ ይባላል። እርሱ ራሱ ከፍተኛ ደመወዝ ከሚከፈላቸው አንዱ ነበረ፤ ምንም አልጐደለበትም። ሆኖም በጥቂት ደመወዝ የሚኖሩ፣ ሲታመሙና ሲጐዱ የሚጦራቸው የሌላቸው ባልንጀሮቹ እንዲረዳዱ የተጫዋቾች ማኅበር ለማቋቋም ተነሣ። ስለ ሕጉ ምክር የሰጡት በዚያን ጊዜ በፑሳን ጠበቃ የነበሩት፣ ኋላ በ2017 የደቡብ ኮርያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሙን ጄ ኢን ናቸው። በመስከረም ወር ተጫዋቾቹ ተሰብስበው ማኅበሩን መሠረቱ። የቡድኖቹ ባለቤቶች ግን በማኅበሩ ከገባ ተጫዋች ጋራ ውል አንዋዋልም ብለው ተነሡ፤ ነገሩም ፈረሰ።

ውል ማለት ሁለት ወገን ወድዶ የሚፈርመው ነገር ነው ብለን እንማራለን። የዚያን ዘመን ተጫዋች ግን ቡድኑን መምረጥ አይችልም፤ ቡድኑ ግን እርሱን ለሌላ አሳልፎ መስጠት ይችላል። እንዲህም ሆነ። በኅዳር ወር ሎቴ ዘውድ ያመጣለትን ሰው በሌላ ተጫዋች ለውጦ ለሳምሱንግ፣ በ1984 በገዛ ክንዱ ላሸነፈው ቡድን፣ ሰጠው። ቾይ ልቡ ተሰበረ፤ የሚከተለው ዓመት እስኪጋመስ ድረስም ወደ ሜዳ አልወጣም። በሎቴ በስድስት ዓመት 96 ጊዜ ያሸነፈ ሰው በሳምሱንግ በሁለት ዓመት ያሸነፈው 7 ጊዜ ብቻ ነው። በ1990 በ32 ዓመት ዕድሜው ጨዋታውን ተወ። ክንዱ ደክሞ ነው የሚሉ አሉ፤ እርግጥም ደክሟል። እኛ ግን ከክንዱ ይልቅ ሌላ ነገር እንደ ደከመበት እናምናለን።

ከዚያ በኋላ በ1991 ለፑሳን ምክር ቤት ተወዳድሮ ሳይመረጥ ቀረ፤ በቴሌቪዥን ሠራ፤ በሃንዋ ኢግልስ ቡድን ወጣት ወርዋሪዎችን አስተማረ። እርሱ የጀመረው የተጫዋቾች ማኅበር በ2000 በሌሎች እጅ ጸንቶ ቆመ። በ2007 የአንጀት ነቀርሳ ያዘው። መስከረም 14 ቀን 2011 በ53 ዓመቱ ዐረፈ።

ሎቴ ዐሥራ አንድ ቍጥር ያለበትን ልብሱን ማንም እንዳይለብሰው ብሎ በክብር ያስቀመጠው በዚያው ወር በ30ኛው ቀን ነው። ይኸውም በ1984 የመጀመሪያውን ጨዋታ ያሸነፈበት ቀን ነበረ። ዐሥራ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ቢሆን ባለቤቱ በዐይኑ ባየው ነበር። በ2013 በፑሳን በሳጂክ ሜዳ አጠገብ ሐውልት ቆመለት፤ ሐውልቱ በተገለጠ ቀን አረጋዊት እናቱ ቀርባ የነሐሱን ልጅዋን በእጅዋ ዳሰሰችው።