አንድ ደረጃ ይበቃል፤ ጥንቃቄው ግን አይቀነስ



በአብዛኛው የአሜሪካ ከተማ ከሦስት ፎቅ በላይ የሆነ አፓርታማ ሁለት ደረጃ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። የእኛ ሲያትል ግን እስከ ስድስት ፎቅ በአንድ ደረጃ ከፈቀደች ብዙ ዘመን ሆኗታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ይኸው አሠራር ለመላው ዋሽንግተን ስቴት እንዲጠና የሚያዝ ሕግ ወጣ።

ይሄ እኛን ምን አገባን የሚል አይጠፋም። በጣም ያገባናል! ሁለት ደረጃና መሀሉን የሚያገናኘው ረጅም ኮሪደር ቦታ ይበላል፤ ቤቱም በአንድ በኩል ብቻ መስኮት ያለው ጠባብ ክፍል ሆኖ ይቀራል። በአንድ ደረጃ ግን ትንሽ መሬት ላይ ባለ ሦስት መኝታ፣ ነፋስ በሁለት በኩል የሚገባበት ቤት ይወጣል። ኪራይ ገፍቶት ወደ ኬንትና ሬንተን የወረደው ባለ ብዙ ልጅ ቤተሰብ የሚፈልገው ይኸንኑ ነው። ስለዚህ ለውጡን እንደግፋለን።

ዳሩ ግን እሳት ቀልድ አያውቅም። በለንደን ባለ 24 ፎቁ ግሬንፌል እ.ኤ.አ. በ2017 ሲቃጠል መውረጃው አንድ ደረጃ ብቻ ነበር፤ የውጭ ልባሱ ተቀጣጣይ ነበር፤ ከጣሪያ ውሃ የሚረጭ መሣሪያም አልነበረውም። 72 ሰዎች አለቁ፤ የሐበሻ ልጆችም ነበሩበት። የሲያትል ደንብ በአንድ ፎቅ ከአራት ቤት በላይ አይፈቅድም፤ ውሃ የሚረጨውም መሣሪያ ግዴታ ነው። ከዚህ አንዱም እንዳይቀነስ አጥብቀን እንጠይቃለን።

የእኛም ድርሻ አለ። የልጅ ጋሪም ሆነ የጫማ ክምር ደረጃ ላይ አይቀመጥ፤ የደረጃውንም በር ደግፎ ከፍቶ መተው ይቅር ስንል እናሳስባለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት