ወርዋሪውን ማን ያዘው?

ባለፈው እሑድ ጠዋት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር የሰፈር ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ቆሜ አየሁ። ሜዳው ዘቅዛቃ ነው። ኳሷ በታችኛው መስመር ከወጣች ባህር ዛፉን አልፋ ቁልቁል ትንከባለላለች፤ አንድ ልጅ ተከትሏት ይወርዳል። የቀሩትስ? ግማሾቹ እጃቸውን ሰቅለው «የኛ ነው!» ይላሉ፤ ግማሾቹ ጉልበታቸውን ይዘው ያርፋሉ።

ኳስ ፍለጋ የወረደው ልጅ ግን አላረፈም። እያለከለከ መጣ፣ አጠገቡ ለቆመ ጓደኛው ወረወረለት፣ ራሱም ሜዳ ገብቶ መልሶ ተቀበለ። የተከተለው የለም። ጥቂት ነዳና አሻማት፤ ጎል! ተከላካዮቹ የነቁት ያኔ ነው። የጮኹትም በበረኛው ላይ! «አንተ ፈዛዛ፣ ምን ታያለህ?» አሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላው ልጅ እንባው እየተናነቀው በሁለት ድንጋይ ከተሠራው ጎል ወጣ። «በቃ፣ አልገባም» አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼ ነው።

እኔ ጥብቅና የምቆመው ለበረኛው ነው። እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። የእጅ ውርወራ ሲኖር ወርዋሪው ከመስመሩ ውጪ ነው። ስለዚህ ሜዳ ውስጥ ከበረኛው ሌላ የሚከላከለው ቡድን አሥር፣ የሚያጠቃው ዘጠኝ ሰው አለው። አንድ ሰው ትርፍ አለን ማለት ነው! ትርፉ የሚቆየው ግን ወርዋሪው እስኪገባ ድረስ ብቻ ነው። እሱን የሚይዝ ካልተመደበ ትርፉ ባንድ አፍታ ይበናል። በዚያ ላይ ሕጉ ከውርወራ በቀጥታ በተቀበለ ተጫዋች ላይ ኦፍሳይድ አይቆጥርም። እጁን አንስቶ የመስመር ዳኛ የሚጠብቅ ተከላካይ ታዲያ ምን እየጠበቀ ነው?

ይኼን ስናገር «እኛ እኮ አጭር ነን፤ የረጅም ውርወራ ነገር የእንግሊዞች ነው» የሚሉኝ አሉ። እርግጥ ነው፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የስቶክ ሲቲው ሮሪ ዴላፕ በእጁ የወረወራት ኳስ እንደ ማዕዘን ምት ጎል አፍ ላይ ትወርድ ነበር። ያንን ለመመከት ቁመት ይጠቅም ይሆናል። ነገር ግን አብዛኛው ውርወራ አጭር ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ቁመት ሳይሆን ንቃት ነው። ሊቨርፑል በ2018 እ.ኤ.አ. ቶማስ ግሮነማርክ የተባለ ዴንማርካዊ የቀጠረው ለዚሁ ለውርወራ ብቻ ነው። ያስተማራቸውም ርቀት ብቻ አልነበረም፤ ፈጥኖ መጀመርንና ክፍት ቦታ መፍጠርንም ጭምር እንጂ። እኛ ዘንድ ግን አብዶ የሠራ ይጨበጨብለታል፤ አምስት እርምጃ ሮጦ ሰው የያዘን ማን ያየዋል?

ጉልበት አነሰን እንዳንል፣ ሯጮቻችን በ3,000 ሜትር ከፍታ ገደማ የሚሠለጥኑት እዚያው እንጦጦ ላይ ነው። የጎደለን ሌላ ነው። ኳስ ስትወጣ ሥራ የቆመ ይመስለናል፤ ጥፋት ሲመጣ ደግሞ መጨረሻ ላይ የቆመውን እንይዛለን። በየመሥሪያ ቤቱስ ያው አይደል? ፋይሉ በአምስት ጠረጴዛ ተንከባሎ ሲጠፋ የምትቀጣው የመዝገብ ቤቷ ልጅ ናት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

አሠልጣኞች ሆይ፣ ከሳምንቱ ልምምድ ሩብ ሰዓት ለውርወራ ስጡ። ቅርቡን ማን ይይዛል? ከኋላ ማን ይሸፍናል? ወርዋሪው ሲገባ ማን ይከተለዋል? በስም መድቡ። እኛ ተመልካቾችም ጎል በገባ ቁጥር በረኛውን ከመስደባችን በፊት አንዲት ጥያቄ እናስቀድም፤ ወርዋሪውን ማን ይዞት ነበር?

ያ ልጅ በሚቀጥለው እሑድ ወደ ጎሉ ይመለስ እንደሆነ አላውቅም። ባይመለስ ግን ያባረረው የገባበት ጎል አይደለም፤ እኛ ነን።