ለቀብራችን ቅሬ አለን፤ ለአልጋ ቀናችንስ?

በደሴና በኮምቦልቻ ቅሬ ያልገባ አባወራ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ሰው ሲሞት ድንኳኑን ማን እንደሚተክል፣ መቃብሩን ማን እንደሚቆፍር፣ ለቀስተኛውን ማን እንደሚያስተናግድ ቀድሞ ያለቀ ጉዳይ ነው። ክርስቲያኑ ይናዘዛል፤ ሙስሊሙ ወሲያውን ይናገራል። እንግዲህ ለሞት የተዘጋጀን ሕዝብ ነን ማለት ይቻላል። ያልተዘጋጀነው በጤናና በሞት መካከል ላለው ጊዜ ነው፤ ሰው በሕይወት እያለ መናገርም መፈረምም ለማይችልበት ጊዜ።

እኔ ይህን የተረዳሁት በአጎቴ ነው። ኮምቦልቻ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ደሴ ውስጥ አንድ ቤት ያለው ሰው ነበር። ደም ግፊት በድንገት ጥሎት አንደበቱ ሲዘጋ፣ በገንዘብ በኩል ብዙም አልተጨነቅንም። ለትልቁ ልጁ ውክልና ሰጥቶ ነበርና። ወረቀቱ ሲነበብ ግን «ንብረቴን ሁሉ እንዲያስተዳድርልኝ» ከማለት አያልፍም። ለሕክምናው ቤቱን አስይዞ መበደር ሲፈለግ በዚያ ወረቀት አልተቻለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል። በአንቀጽ 2204 መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራው፤ ንብረት መጠበቅ፣ ለአጭር ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል የመሳሰለውን። ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ስጦታ ለመስጠት ወይም በፍርድ ቤት ለመከራከር አንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል።

የባሰው ግን አንቀጽ 2232 ነው። ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ወካዩ ሲሞት ብቻ ሳይሆን ችሎታ ሲያጣም ውክልናው ይቋረጣል። አባት ልጁን የሚወክለው «እኔ ሲያቅተኝ» ብሎ ነው፤ ወረቀቱ ግን ባቃተው ዕለት ዋጋ ያጣል። በተግባር ማንም እስካልጠየቀ ድረስ ሲሠራበት ሊቆይ ይችል ይሆናል። ከወንድማማቾች አንዱ የተከፋ ዕለት ግን ነገሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ታማሚው በፍርድ የተከለከለ ሰው ነው ተብሎ ሞግዚት እንዲሾምለት ማመልከት ነው። የትዳር ጓደኛ፣ ዘመድ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሊያመለክት ይችላል። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። የአጎቴ ፋይል ሳይዘጋ እሱ አረፈ። ቅሬው በሰዓቱ ደረሰ።

በበኩሌ መፍትሔው እዚያው ሕጉ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። «ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በስተቀር» የሚለው ሐረግ በር ከፍቷል። «ችሎታዬን ባጣም ውክልናው ይጽና» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ማስገባት፣ መሸጥና ማስያዝ የሚፈቀድ ከሆነም ለይቶ መጻፍ፣ ከዚያም ሰነዱን ሥልጣን ባለው አካል ፊት ማረጋገጥ ነው።

«በቁሜ ቤቴን ይሸጡብኛል» የሚል ሥጋት እንዳለ አውቃለሁ፤ ሥጋቱም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ወካዩ አእምሮው እስካለ ድረስ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር ይችላል። ሽያጩን ለሕክምና ብቻ መወሰን፣ ሁለት ተወካዮች አብረው እንዲፈርሙ ማድረግም ይቻላል። ተወካዩም ቢሆን ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

ሌላው ጉዳይ ሕክምናው ራሱ ነው። አጎቴ ተኝቶ ሳለ ሪያድ ያለችው ልጁ በስልክ «አዲስ አበባ ውሰዱት» ትላለች። ትልቁ ልጅ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ ይገድለዋል ብሎ ይፈራል። እህቱ «ቤቱ ይምጣና በሰላም ይረፍ» ትላለች። ሁሉም ይወዱታል፤ የእሱን ፈቃድ ግን አንዳቸውም አያውቁም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 20 ማንም ሰው ምርመራም ሆነ ሕክምና አልፈልግም ማለት እንደሚችል ይናገራል። መናገር ያቃተው ሰው ቀድሞ በጽሑፍ ስላስቀመጠው ፈቃድ ግን ይህ ሕግ የሚለው የለም። እንግሊዝ በ1997 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ሰው ስለ ሕክምናው የሚወስንለትን ተወካይ አስቀድሞ እንዲሾም ፈቅዳለች። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2010 ዓ.ም. እንዲህ ያለውን የጽሑፍ ፈቃድ ተቀብሏል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ወረቀት ሐኪሙን በሕግ ላያስገድድ ይችላል፤ ቤተሰቡን ግን ከጠብ ያድናል።

ይህ የሽማግሌዎች ጉዳይ ብቻም አይደለም። ዓረብ አገር ሆና ኮምቦልቻ ላይ ቤት ለማሠራት ከኤምባሲ ውክልና የምትልክ ልጅም ወካይ ናት። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሁለቱ ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች እጅ ሲገቡ፣ ስልክና ባንክ ተቋርጦ የቤተሰቡ ግማሽ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ፣ ግማሹ እዚሁ ቀርቶ ነበር። ተወካይ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ሰነድም አንድ ሳጥን ውስጥ ብቻ ሲቀመጥ ምን እንደሚያስከትል ከዚያ መማር ነበረብን። ተተኪ ተወካይ መጥቀስና ቅጂውን ሌላ ከተማ ማስቀመጥ ብዙ ወጪ የለውም።

ቅሬዎቻችን ወር እየጠበቁ መዋጮ ይሰበስባሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ ከመዋጮው ጋር አንድ ጥያቄ ቢጨመር ደስ ይለኛል፤ «ውክልናህ ብትታመም ይሠራል ወይ? ስለ ሕክምናህስ ለልጆችህ ነግረሃል?» መልሱ «አይ» ከሆነ፣ ሰውየው ገና በእግሩ ቆሞ ሳለ ጊዜ አለ።