አሮጌው ቤትና አዲሱ ሥዕል





ባለፈው ወር ከማስተምራቸው ልጆች መካከል ሠላሳ ያህሉን ይዤ፥ ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የዘመናዊ ሥዕል ሙዚየም፥ ማለት ወደ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ሄጄ ነበር። ሙዚየሙ ያለው ዱሮ ለመኖሪያ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው። በመንገድ ላይ ሲንጫጩ የመጡት ልጆች ከበሩ ሲገቡ፥ ሽማግሌ ቤት እንደ ገባ እንግዳ ሁሉም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እኔ ምንም አልተናገርኋቸውም፤ ዝም ያሰኛቸው ቤቱ ነው።

ዳሩ ግን ከሥዕሎቹ ፊት ስንደርስ ነገሩ ተለወጠ። አንዱ ልጅ ሰው ይሁን ዛፍ የማይለይበት፥ ቀለም በቀለም ላይ የተደራረበበትን ሥዕል እያየ፥ «ጋሼ፥ ይኼ ምንድር ነው? ይህንንማ ታናሽ ወንድሜም ይሥለዋል» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ልስቅ ጥቂት ነበር የቀረኝ። በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት፥ ሥዕል ማለት በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ማሰሮ አስመስሎ መገልበጥ ነው ተብዬ ነበርና፥ ለልጁ የምሰጠው መልስ አጣሁ። መምህር በተማሪው ፊት መልስ ሲያጣ ምን ያህል እንደሚያፍር የሥራ ጓደኞቼ ያውቁታል።

ከኀፍረት ያወጣችኝ አንዲት ተማሪ ናት። «በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቃን በሁለት ዓይን፥ ኃጥኣን በአንድ ዓይን ይሣሉ የለም ወይ? ታዲያ ክፉ ሰው ሁሉ አንድ ዓይና ነው?» ብላ ጠየቀችው። ሳቁ ቆመ። ልጅቱ እንዳለችው፥ ሥዕል የታየውን መገልበጥ ብቻ አለመሆኑን አባቶቻችን ከኛ ቀድመው ያውቁት ነበር።

ስለዚህ «ዘመናዊ ሥዕል የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚሉ ወገኖች የምመልሰው ይህንኑ ነው። ማዕከሉ በስሙ የተጠራለት ሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍት ጸሐፊ ነበሩ። እርሱም በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ተምሮ ተመለሰ፤ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። በኋላ ከአገሩ ወጥቶ በ1981 በአሜሪካ በኦክላሆማ ግዛት አረፈ። በጀርመን አገር የነበሩት ሥዕሎቹ አዲስ አበባ የገቡት በ2008 ነው። ሠዓሊው በሕይወቱ ሳይመለስ ሥራው ተመለሰ፤ ያረፈውም በአሮጌ ያገር ቤት ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ነው። በስድስት ኪሎ በኩል ጧት ማታ ከምናልፈው መካከል ስንቶቻችን ከዚያ በር ገብተናል? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፥ እኔ ራሴ በአጠገቡ ስመላለስ ዓመታት አሳልፌ፥ የገባሁት ተማሪዎቼን ለማስጐብኘት ግድ ሲሆንብኝ ነው።

በከተማችን ብዙ የዱሮ ቤቶች ፈርሰዋል። አንድ አሮጌ ቤት ሲፈርስ እናዝናለን፤ ነገር ግን ቆሞ ሳለ ማን ገብቶ አየው? ሥራ የሌለው ቤት ጠባቂ ቢኖረውም ተከራካሪ የለውም። ሥራ ያለውና ሰው የሚመላለስበት ቤት ግን «ለምን ይፈርሳል?» የሚል ብዙ አፍ ያገኛል። ሥዕሉም እንደዚሁ ነው፤ የሚያየው ከሌለ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎም እንደ ተቀበረ ይቆጠራል።

ስለዚህ የማሳስበው ቀላል ነገር ነው። እያንዳንዱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን በዓመት አንድ ጊዜ ወደ እንደዚህ ያለ ቦታ ይውሰድ። ወላጆችም ደመወዝ በተቀበሉ ማግሥት ልጆቻቸውን ኬክ ቤት ሲወስዱ፥ መንገዳቸውን በሙዚየሙ በኩል ያድርጉት። ልጁ «ይኼ ምንድር ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ማጣት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ልጁ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅበትን ቦታ አለማሳየት ነው።

ያ የሳቀው ተማሪ ባለፈው ሳምንት፥ «ጋሼ፥ ደግሞ መቼ እንሄዳለን?» ብሎኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ