«ስንት ገጽ አነበብሽ?» ብቻ አይበቃም

ረመዳን ቁርኣን የወረደበት፣ «ኢቅራእ» (አንብብ) የሚለው ቃል መጀመሪያ የተሰማበት ወር ነው። ልጆቻችን ከትምህርት ቤትና ከመድረሳ ተመልሰው መጽሐፍ ይዘው ሲቀመጡ ደስ ይለናል። የምንጠይቃቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ «ስንት ገጽ ደረሳችሁ?» ብለን ነው። ገጽ መቁጠር ልጅን ያስቸኩላል እንጂ አያሳስብም። ቁርኣንም ቢሆን እንድናስተነትነው እንጂ እንድንቀራው ብቻ አልታዘዝንም።

ከዐስር ሶላት በኋላ ሳምቡሳው እየተጠቀለለ፣ ወይም ካፈጠርን በኋላ ተራዊሕ እስኪደርስ፣ አንድ ጥያቄ ይበቃል። ልጅቷ የነቢዩ ዩሱፍን (ዐ.ሰ) ታሪክ አንብባ ከሆነ፣ «ወንድሞቹን ይቅር ማለት የቀለለው ይመስልሻል? አንቺ ብትሆኚስ?» እንበላት። የንጉሥ ነጃሺን ታሪክ ያነበበውን ልጅ ደግሞ፣ «ስደተኞቹን ለመካ መልእክተኞች አሳልፎ ያልሰጠው ለምን ይመስልሃል?» እንበለው። ከዚያ ዝም ብለን እንጠብቅ። መልሱን እኛ ቀድመን አንናገር፤ «ይህን ከየትኛው ቦታ አገኘኸው?» ብለን ወደ መጽሐፉ እንመልሰው። ገና መጻፍ ያልለመዱት ታናናሾች በሥዕል ቢመልሱም መልስ ነው።

ለዚህ የተማረ ወላጅ መሆን ግድ አይደለም። ፊደል ያልቆጠረች እናትም «እስቲ ንገሪኝ፣ ከዚያስ?» ማለት ትችላለች። እንዲያውም ታሪኩን የማያውቅ አድማጭ ያገኘች ልጅ፣ ለማስረዳት ስትል ያነበበችውን ደጋግማ ታስባለች።

ዛሬ ማታ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። ረመዳን ሲወጣም ልማዱ አብሮ እንዳይወጣ አደራ።