ስንቅ የሌለው «በርቺ»

ጓደኛዬ የታሰረ ሰሞን ለእህቱ በቴሌግራም ጥቅስ ላክሁላት። ከጴጥሮስ መልእክት፣ በእሳት ስለሚፈተን ወርቅ የሚያወራውን። ከሥሩ «በርቺ» ብዬ የጸሎት እጆች ደረደርኩ። መለሰችልኝ፦ «አሜን። ነገ ስንቅ የሚያደርስልኝ ሰው አጥቻለሁ፣ ትችላለህ?»

ስብሰባ አለብኝ አልኳት። አልነበረብኝም።

ከዚያ ወዲህ የጥንት ክርስቲያኖች በስደት ጊዜ የተጻጻፏቸውን ደብዳቤዎች በሌላ ዓይን ነው የማነባቸው። ጥቅስ እየቆረጥን ስንልክ ትልቅ ማጭበርበር ሠርተናል ባይ ነኝ።

የካርቴጁን ጳጳስ ቆጵርያኖስን እንውሰድ፤ ካርቴጅ በዛሬዋ ቱኒዚያ ያለች ከተማ ነበረች። በፈረንጆቹ 250 የሮም ንጉሠ ነገሥት ዳኬዎስ ሕዝቡ ለአማልክት እንዲሠዋ አስገደደ። የሠዋ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ ግብፅ ውስጥ የተገኙ እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ዛሬም አሉ። ብዙዎች ታሰሩ፤ ቆጵርያኖስ ግን ተደበቀ። ከተደበቀበት ሆኖ ለታሰሩት «ጽኑ» እያለ ይጽፋል! የሮም ካህናት ሳይቀሩ በአሽሙር ሸንቆጥ አድርገውታል። እኔም ብሆን አማው ነበር።

ግን ደብዳቤዎቹን እስከ መጨረሻ አንብቧቸው። መበለቶችን፣ ሕሙማንን፣ ድሆችን አደራ ይላል። እንግዳ ሰው ቢቸገር ከራሴ ድርሻ ስጡት ይላል። ገንዘቡን አንድ ቄስ ዘንድ ትቶ ነበር የሄደው፤ እንዳያልቅ ብሎ ደግሞ ሌላ ላከ። በእስር ቤት የሞቱት የሞቱበት ቀን እንዲመዘገብ አዘዘ። በ258 ተራው ደረሰና እሱም ተሰየፈ።

የዕብራውያን መልእክትም እንደዚያው ነው። አንባቢዎቹን ሲያመሰግን ለእስረኞች መራራታቸውን፣ ንብረታቸው ሲዘረፍ መቻላቸውን እያነሳ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። እነዚህ ደብዳቤዎች በአብዛኛው ለማኅበር የተጻፉ ናቸው፤ ቃሉ «ጽኑ» ነው፣ ብዙ ቁጥር። እኛ ነን «ጽና»፣ «በርቺ» ብለን ለአንድ ሰው ያሸከምነው። አብሮ የመቆምን ጥሪ ለብቻ የመቻል ትእዛዝ አደረግነው። የሚገርመው፣ ይህን ትእዛዝ አብዝቶ የሚያስተላልፈው ምንም ያልጎደለበት ሰው ነው።

«ቃልም እኮ ያበረታል» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ባሕር ማዶ ላለ፣ እጁ ላይ ምንም ለሌለው ሰው ቃሉ ራሱ ስንቅ ነው። እኔ ግን እዚሁ ከተማ ነበርኩ። የታክሲ ሳንቲም ነበረኝ። ቀኑም ባዶ ነበር። የጎደለኝ ፈቃድ ብቻ ነው፤ ጥቅሱን የላክሁት ያንን ለመሸፈን ነው።

በኋላ ይቅርታ ጠይቄያት የሳምንቱን አንድ ቀን ወሰድኩ። በር ላይ ሳህን ይዤ ስሰለፍ ለማንም ጥቅስ አልጠቀስኩም።

እናንተም «በርቺ» ብላችሁ ከመላካችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቋት፦ ነገ ስንቅ የማድረስ ተራው የማን ነው?