ሚዛኑን ሳይመረምሩ መመዘን

የጥንቱን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል «የርቀት ሕግ የማያውቅ፣ ገና በልጅነት ያለ ጥበብ» ብሎ የሚደመድም ሐያሲ ሚዛኑን ከየት እንዳመጣው ሊጠየቅ ይገባል። ጥበብ እንደ ሰው ተወልዶ፣ አድጎ ይጎለምሳል የሚለውን እምነት ለሥዕል ታሪክ ያወረሰው ጣሊያናዊው ጆርጆ ቫሳሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1550 ባሳተመው የሠዓልያን ታሪክ የጉልምስናው ጫፍ የገዛ አገሩ ሰው ሚኬላንጄሎ ሆኖ ተገኘ። ምን ይደንቃል!

ሥዕሉን ቀርቦ ላየ ግን ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ኃጥአንና አጋንንት ብዙውን ጊዜ በጎን በአንድ ዓይን ተሥለዋል። ሁለቱንም የሣለው ያው እጅ ነው። ታዲያ አለማወቁ ምኑ ላይ ነው?

«ንድፈ ሐሳብ ይቅርብን፤ ዓይናችን ይበቃናል» የሚሉም አልጠፉም። እነዚህስ ይብሳሉ፤ ቫሳሪን ሳያነቡ ቫሳሪን ይደግማሉና። ኤርዊን ፓኖፍስኪ እ.ኤ.አ. በ1939 ያቀረበው ዘዴ ከቅርጽ አልፎ ትርጉምን ይመረምራል፤ የዚያችን የአንድ ዓይን ምስጢር ለማንበብ ይጠቅማል። ሥዕሉን ማን አዘዘ፣ ማንስ ከፈለ የሚለውን ግን እምብዛም አይጠይቅም፤ ለዚህ እ.ኤ.አ. በ1951 የታተመው የአርኖልድ ሃውዘር ማኅበራዊ የጥበብ ታሪክ ይሻላል።

የሥዕል መምህራን እነዚህን ስሞች ለፈተና ከማስሸምደድ ይልቅ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ጣናን ይሻገሩ፤ በዴቅ ደሴት፣ በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ እቴጌ ምንትዋብ በድንግል ማርያም እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል።